ለጅረት ጽዳት ፈቃድ ስናወጣ የተማርኩት

ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶች በጋውን በፌስታልና በደለል ተደፍነው ይከርማሉ። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መንገዱን ያጣና ወደ ሰው ቤት ይዞራል። ማዘጋጃ ቤት በጽዳት ሥራ ላይ ስላለሁ የአንዱን ጅረት ጽዳት እንዳስተባብር ተሰጠኝ።

መጀመሪያ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ፌስታሉን፣ ሃይላንዱንና ደለሉን በአካፋ ማውጣት ጽዳት ነው። ወለሉን በኤክስካቫተር ማጥለቅ፣ መታጠፊያውን ማቅናት፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) መደርደር ግን ግንባታ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የውሃ ሥራ መገንባትንም ሆነ ቆሻሻ ወደ ውሃ መልቀቅን ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። ስለዚህ ለጋቢዮኑ ንድፍ አሠርተን አመለከትን፤ ስለ አካፋው ሥራ ግን በደብዳቤ ጠይቀን፣ መልሱንም በደብዳቤ ተቀብለን ጀመርን። ባለሙያ ይቀያየራል፤ በቃል የተባለ ነገር አብሮት ይሄዳል።

«ለዚች ለምትዘለል ጅረት ይሄ ሁሉ ወረቀት?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። ጅረቷ ግን ቦርከና ትገባለች፤ ቦርከናም ኮምቦልቻን አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። የቀናና የጠለቀ ጅረት ውሃውን ያፈጥነዋል፤ የፈጠነው ውሃ ደግሞ የታችኛውን ሰው ዳር ይበላል። ፈቃድ ሰጪው የሚጠይቀው ስለዚያ ሰው ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው።

ብዙ ያከራከረን ዳሩ ነበር። ቁጥቋጦው ቢመነጠር ሥራው ይቀል ነበር፤ አንዲት እናት ግን ግራዋቸው ሥር ቆመው «የኔ ልጅ፣ ይቺን ካነሳችሁብኝ ግቢዬ አብሯት ይሄዳል» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ፣ አትነካም» አልኳቸው። አፈሩን የያዘው ሥሩ ነው። አዋጁም ተቆጣጣሪው አካል የወንዝ ዳር ወሰን ከልሎ በውስጡ ዕፅዋት መመንጠርንና ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ውሃውን የዘጋውን ቅርንጫፍ ብቻ ቆረጥን።

ሥራው በሽማግሌዎች ዱዓ ተጀመረ። የወጣው ደለል ዳር ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ስለሚያስገባው መድፊያ ቦታው አስቀድሞ መያዝ አለበት። ከደለሉ ጥሩ አሸዋም ወጥቶ ነበር፤ ወጣቶቹ ሸጠን እንከፋፈለው አሉ። አሸዋ የግንባታ ማዕድን ነው፤ ለሽያጭ ማውጣት የማዕድን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን አስረድተን ለቀበሌው የእግር መንገድ መሙያ አዋልነው።

በሌሎች ከተሞች ይህን ለምትጀምሩ፦ የጅረቱን ካርታ፣ ከሥራው በፊት የተነሳ ፎቶ፣ የደለል መድፊያውን ስምምነትና የዳር ነዋሪዎችን ቃለ ጉባኤ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ። ጊዜውም ጥቅምት ይሁን፤ ግንቦት ላይ የገባ ማመልከቻ መልስ ሳያገኝ ክረምቱ ይደርሳል።