ሰባተኛው ዘፈን

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ሰባተኛውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። አልተዋጠልኝም።

ከምሠራው አልበም ስምንት ዘፈኖች አምስቱ የራሴ ናቸው፤ ግጥማቸውም ዜማቸውም። የአንዱን ምት ያገኘሁት እዚሁ፣ የደንገል ታንኳ ከሚቀዝፍ ሰው ነው። መቅዘፊያው ውኃ ሲመታ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ጠብታው። ሦስቱ ደግሞ የሌላ አገር የሕዝብ ዜማዎች ናቸው፤ የማሊ፣ የስኮትላንድና የሞንጎሊያ። ክራሩንም፣ ማሲንቆውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ከበሮውንም የምጫወተው እኔው ነኝ። ድፍረቱን የሰጠኝ ኃይሉ መርጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ፣ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻውን እየተጫወተ የአገሩን የቆየ ዜማ የቀረጸበትን ካሴት ስሰማ፣ ለካ ይቻላል አልኩ።

የማሊው ብዙ አላስቸገረኝም። ኮራ የሚሉት የክር መሣሪያቸው 21 አውታር አለው፤ የኔ ክራር 6። ያልደረስኩባቸውን ድምፆች ተውኳቸው። የስኮትላንዱ አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው ክራሬን እንደሱው ባለ አምስት ድምፅ በሆነው በትዝታ ሜጀር ቅኝት ቃኝቼ ስነካው ቤቱ የገባ መሰለኝ።

የያዘኝ ሰባተኛው፣ የሞንጎሊያው ነው። ሞሪን ኹር የሚሉት መሣሪያቸው የማሲንቆ ዘመድ ይመስላል። አውታሩ የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ። አናቱ ላይ የፈረስ ራስ ተቀርጾበታል። ቪዲዮውን አቁሜ የተጫዋቹን ግራ እጅ ሳይ ደነገጥኩ። ጣቱ አውታሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም። አየር ላይ ነው የሚነካው፤ ልክ እንደኛ። እኔ ማሲንቆ ስጀምር ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል። ጊታር የለመደ ጣት መጫን ይወዳል።

የእነሱ ግን ሁለት አውታር ነው፤ የኛ ማሲንቆ አንድ። ስለዚህ ማሲንቆውን ሁለቴ ቀረጽኩት፤ አንዱን ወፈር አድርጌ ቃኝቼ። ሳሳ ሲለኝ ክራር ጨመርኩ። ከዚያ ዋሽንት። ከዚያ ከበሮ። ስለምችል ብቻ።

አመሻሽ ላይ ለማሲንቆ አስተማሪዬ አሰማኋቸው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን በሠርግና በአዝማሪ ቤት የተጫወቱ ሰው ናቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ልጄ፣ ማሲንቆው የት ሄደ?»

«አለ እኮ ጋሼ። እንዲያውም ሁለት ነው።»

«ሁለቱንም ቀብረሃቸዋል። የፈረሰኛ ዜማ ነው አላልከኝም? ታዲያ ፈረሰኛ ይህን ሁሉ ዕቃ የት ይሸከመዋል?»

ቤት ስገባ መብራት የለም። ኮምፒውተሩን መክፈት አልቻልኩም። በጨለማ ደጋኑን ሙጫ አሸሁትና ወፍራሙን ዜማ ብቻዬን ተጫወትኩት። ደጋኑ ሲመለስ የሚያሰማት አንዲት ሻካራ ድምፅ አለች፤ እስትንፋስ የመሰለች። በየመስመሩ መጨረሻ ትመጣለች። ከበሮው ሥር ነበረች ለካ፤ አንድም ቀን አልሰማኋትም።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ክራሩን አጠፋሁት። ዋሽንቱን ሳጠፋ አሳዘነኝ፤ ጥሩ ተጫውቼው ነበር። ከበሮውን ገና አልነካሁትም።