ቅቤ የሚጠበቅበት ማለዳ

በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ ኪላርኒ ከተማ አጠገብ ያለው የመክሮስ ባህላዊ እርሻ መብራት ሳይገባ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የነበረውን የገበሬ ኑሮ ያሳያል። በእኔ ዓይን ሀብቱ ወተት ቤቱ ነው። የአገሩ የኬሪ ላም ጥቁር፣ ከ350 እስከ 450 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ላም ስትሆን፣ ከባዷ ላም በምትሰምጥበት ረግረግ ላይ ትግጣለች።

ወተቱ በሰፊ ገበቴ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያድርና የሰፈፈው ክሬም ይገፈፋል። ሁለት ሦስት ቀን ተጠራቅሞ መጠነኛ ኮምጣጣ ሲሆን ለመናጥ ደርሷል። መናጫው ከሥሩ ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ የእንጨት በርሜል ነው፤ በክዳኑ ቀዳዳ ጫፉ ላይ የተበሳሳ ጣውላ ያለው ዘንግ ይገባል። እንደ እኛ ቅል አይወዘወዝም፤ ዘንጉ ወደ ላይ ወደ ታች ይወቀጣል። አስቀድሞ በፈላ፣ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃ ካልተለቀለቀ ቅቤው እንጨቱ ላይ ይጣበቃል። ክሬሙ አረፋ ስለሚያወጣም ከግማሽ በላይ አይሞላም።

ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ድፍን የነበረው ድምፅ ወደ መንቦጫረቅ ይለወጣል። ሲከፈት የስንዴ ፍሬ የሚያካክል ቢጫ ቅቤ አሬራው ላይ ተንሳፏል። እዚህ ላይ ማቆም ግድ ነው፤ ካለፈ ፍሬው ተጋግሮ አሬራውን በውስጡ ያስቀራል፣ ቶሎም ይሻግታል። ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ማጠብ፣ ጨው ነስንሶ በራሰ የእንጨት መዳመጫ መጭመቅ።

ክሬሙ ከ16 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ቅቤው ነጭና ልል ይሆናል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ አረፋ ብቻ እየሆነ ሰዓታት ይፈጃል። የድሮ ሰው ግን «ቅቤው ተሰረቀ» ይል ነበር። በሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ማለዳ፣ ቅቤ ሰራቂ የምትባል ጠንቋይ ሴት ጤዛው ላይ ጨርቅ እየጎተተች ወይም ጥንቸል መስላ ላሟን እየጠባች የዓመቱን ቅቤ ትወስዳለች ይባል ነበር። ስለዚህ ያን ቀን እሳትም ወተትም ከቤት አይወጣም ነበር፤ በረቱ ደጃፍ ላይ ቢጫ አበባ ይደረግ፣ ላሟ ጭራ ላይ ቀይ ክር ይታሰር ነበር። ሲናጥ የደረሰ እንግዳም ዘንጉን ይዞ ጥቂት ሳይወቅጥ መሄድ ነውር ነበር።

ላም ስትወልድ፣ የአየርላንዷ ቅድስት ብሪጅድ እንድትባርከው በበዓሏ ዋዜማ፣ በጃንዋሪ 31 ሌሊት፣ ውጭ ያደረውን ጨርቅ ጀርባዋ ላይ ያነጥፉ ነበር። እንገሩ ከመታለቡ በፊትም የግቷን ፀጉር በተባረከ ሻማ ለብለብ ያደርጉት ነበር። በዘመናዊ እርባታም የግት ፀጉር በለስላሳ ነበልባል ይለበለባል፤ ፀጉሩ እበት ስለሚይዝ ነው።