ሰባት ሆነን የሄድን ዕለት

ጥፋቴን ላስቀድም። ደሴ ውስጥ በአንድ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፤ ሕሙማንንና አረጋውያንን የሚጠይቅ የምእመናን ቡድን ይቋቋም ብዬ ሐሳቡን ያቀረብሁትም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባት ሆነን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን፣ በጦሳ በኩል ያለውን ዳገት ወጥተን አንዲት እናት ቤት ገባን። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። ሦስቱ አልጋው ላይ፣ ሁለቱ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረነው ቆምን። እማማ የሚያማቸው ወገባቸውን ነው፤ እንግዳ ሲያዩ ግን ተነሡ። ሲኒ ከጎረቤት አስመጡ፣ ቄጠማ አለመኖሩ አሳፈራቸው፣ እንደምንም ረከቦቱን አቀረቡ። አብሽሩ ልንል ሄደን አብሽሩ ተብለን ወጣን። በሩን ተደግፈው፣ ወገባቸውን ይዘው ሸኙን።

የደብሩ አስተዳዳሪ ሲሰሙ «ሰባት ሆኖ የሚኬደው ለሠርግ ነው» ብለው ሣቁብን። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን የላካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ መሆኑን ያስታወሱን እሳቸው ናቸው። አሁን ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ ቡናውንም ስኳሩንም እኛው እንይዛለን፣ የምትቆላውም ከእኛ አንዷ ናት።

ሥራው አዲስ አይደለም። ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙት መበለቶች በዕለት ምግብ ስለ ተረሱ ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲው፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ የሰበካ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቆመው ሰበካ ጉባኤም ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ወንበር ያስቀምጣል። እኛ ግን በተሰበሰብን ቁጥር ስለ ሙዳየ ምጽዋቱ፣ ስለ አጥሩና ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ እንጂ ስለ ታመመ ሰው ያነሣንበትን ቀን አላስታውስም።

ከሁሉ ያስቸገረን አፋችን ነበር። አንድ አባወራ ስለ ልጁ ያጫወተን ጉዳይ በሳምንቱ ዕድር ላይ ተወራ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ በሩን አልከፈተልንም፤ አልፈርድበትም። ማናዘዝም ሆነ ቀንዲል መቀባት የካህን ነው፤ የእኛ ድርሻ የታመመውን ሰው የንስሐ አባት መጥራት ነው። የንስሐ አባት የሌለው ደግሞ ብዙ ነው፦ የሞቱበት፣ የተዛወሩበት፣ በ2014ቱ ጦርነት ከቀዬው ተፈናቅሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ደብተራችን ላይ የሄድንበት ቀን፣ የጎደለው ነገርና ቀጣዩ ተራ ብቻ ይሰፍራል። መድኃኒት ማለቁ ይጻፋል፤ ለምን እንዳለቀሱ አይጻፍም።

ስሞቹን የገለበጥነው ከዕድሩና ከሰበካ ጉባኤው መዝገብ ነው። ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ወርኃዊ መዋጮ ያቆመ ሰው ውሎ አድሮ ከሁለቱም ይጠፋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው።

ከእነዚህ አንዷን ያገኘናቸው በጠበሉ በኩል ነው። አንድ ልጅ ጠዋት ጠዋት ቢጫ ጀሪካን ይዞ እየመጣ ይቀዳል። ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ «ለጎረቤታችን ለእማማ፤ እናቴ ልካኝ ነው» አለ። ተከትለነው ሄድን። እናቱ ሙስሊም ናት። የአሮጊቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ በዘይት ሠርታ ታደርስላቸዋለች፤ ለዚሁ የለየችው፣ ቅቤ የማይነካው ድስት አላት፣ አንዱ ጆሮው ወልቆ በሽቦ የታሰረ። ማታ ማታ በራቸው መዘጋቱን አይታ ትተኛለች። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት በጣቷ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። የት ነበራችሁ አላለችንም። ጀበናውን ጣደች።

በስብሰባው ስሟ ደብተሩ ላይ ይግባ ብዬ ሳነሣ አንድ አባት «አባል አይደለችም እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይደለችም። ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ጸሐፊያችን «ቢብስባቸው የሚደወልለት ሰው» ከሚለው ሥር ስልኳን ጻፈ፤ ከአስተዳዳሪው ስልክ በላይ።

የማክሰኞው ተራ የእኔ ነው። ድስቱን ተቀብዬ ለበያጅ ላደርስላት ቃል ገብቻለሁ፤ ዓርብ ከመድረሱ በፊት መመለስ አለበት።