ለአምስት ሰው የሚሆን ቦርድ ጌም

ለቤተሰብ ቦርድ ጌም የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ስንት ሰው እንደሚጫወተው እዩ። ስለ ጨዋታው የሚወራው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ካታን ግዛ» ነበር ያለኝ። በ1995 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የወጣ ጨዋታ ነው። ጓደኛዬ ቤት ሞክረነዋል፣ ግሩም ነው። እንጨት፣ ጡብ፣ በግ፣ ስንዴና ማዕድን እየተለዋወጣችሁ መንገድና መንደር ትሠራላችሁ፣ ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል። ልውውጡ ላይ እማዬን ብታዩዋት! ለአንዲት በግ ሁለት ስንዴ ካልተሰጣት ወይ ፍንክች። ችግሩ፣ መደበኛው ሳጥን ለ3 ወይም ለ4 ሰው ነው። እኛ ደግሞ እማዬ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እኔ፣ አምስት ነን። ለ5 እና ለ6 የሚያደርሰው ተጨማሪ ሳጥን ለብቻው ነው የሚሸጠው።

ሞኖፖሊ ይቅርብን። የከሰረ ይወጣል፣ እኛ ቤት የሚከስረው ደግሞ ትንሹ ነው፣ ከዚያ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ጥግ ይዞ ማኩረፍ፣ ቀጥሎ ስልክ።

ዳማ በቆርኪ እንጫወታለን፣ ገበጣም አለን። ሁለቱም ጭንቅላት ያሠራሉ፣ ግን የሁለት ሰው ናቸው። የቀረነው «ኧረ በዚህ ብላው!» እያልን ተጫዋቾቹን እናጣላለን።

እኔ የመረጥኩት ቲኬት ቱ ራይድን ነው። ከ2 እስከ 5 ሰው ይጫወተዋል፣ ከ8 ዓመት ጀምሮ ይሆናል። ተራህ ሲደርስ ካርድ ታነሳለህ፣ ወይም በሰበሰብከው ካርድ የባቡር መስመር ትይዛለህ፣ ወይም አዲስ የጉዞ ትኬት ትወስዳለህ። በቃ። ትኬቱ በመስመርህ የምታገናኛቸውን ሁለት ከተሞች ይነግርሃል፤ ላዩ ላይ ያለው የከተማ ስም ስለሆነ እንግሊዝኛው ልጆቹን አያስጨንቅም። ስትራቴጂው ያለው ትዕግሥት ላይ ነው፦ ስድስት ባቡር የሚፈጅ መስመር 15 ነጥብ ያስገኛል፣ የአንድ ባቡሩ ግን 1 ብቻ። ትልቁን ልያዝ ብለህ ካርድ ስታጠራቅም ሌላው መሃል ላይ ገብቶ ይዘጋብሃል፣ ያልጨረስከው ትኬት ደግሞ ከነጥብህ ላይ ይቀነሳል። እስከ መጨረሻው የሚባረር ሰው የለም።

እዚህ ሐዋሳ ያየኋቸው ሱቆች ቼዝና ሉዶ እንጂ ይሄን አይዙም፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፈልጉ። ካርዱንም ጠብቁት። ከአሞራ ገደል ዓሣ የመጣ ቀን እጁን ሳይታጠብ የነካ ሰው ተራው ይታለፋል፣ ሕጉን ያወጣችው እማዬ ናት።