ቁርስ ሌሊት 10፡30

ጭቅጭቁ የተነሳው በእንቁላል ነው። አስጎብኚው እንቁላሉ ሌሊት 10፡30 ላይ ትኩስ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ አለ። እኔ ደግሞ እንግዶቹን ልጠይቃቸው አልኩ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ጥቂት ክፍሎች ባሉት የእንግዳ ማረፊያ ነው። የምንሸጠው አልጋ ከነቁርስ ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚያው ግቢ፣ ከጀርባ ባለው ቤት ይኖራሉ። ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3፡30 ይቀርባል። ምግብ የሚሠሩልን እትዬ ቤታቸው ከተማው ዳር ስለሆነ ሲነጋጋ ነው የሚደርሱት።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ የውጭ እንግዳ ወደ ሰሜን ሸዋ እንደ ልብ በሚመጣበት ጊዜ። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ እዚህ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ውርጩ ሌሊቱን ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል።

እንግዶቹ በዕድሜ የገፉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ናቸው። ወፍ ለማየት ነው የመጡት። እንዲህ ያለ እንግዳ ለእኛ ብርቅ አይደለም። አንኮበር ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 የተገኘች፣ በ1979 በሳይንስ ስም የወጣላት ትንሽ ወፍ አለች። የአንኮበር ሴሪን ይሏታል። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር ነገር ናት፤ ለማያውቃት ሰው ዓይን የምትገባም አይደለችም፤ ግን እሷን ብለው ከስንት አገር ይመጣሉ። ወፎቹ የሚንቀሳቀሱት በማለዳ ነው፤ ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ከሸፈነው ደግሞ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ከእኛ ቤት ሌሊት መነሳት አለባቸው።

የላካቸው የአዲስ አበባ የጉዞ ቢሮ በጻፈው መልእክት ላይ «ቁርስ 4፡30» ይላል። መልእክቱን የተቀበሉት ጋሼ ናቸው። እኛ ዘንድ ቁርስና 4፡30 ከተባለ ረፋድ ነው። ለእትዬም እንደዚያው ነገሯቸው፤ እሳቸውም ሳልቸኩል እመጣለሁ ብለው ደስ አላቸው።

እንግዶቹና አስጎብኚው ማታ 1 ሰዓት ገደማ ደረሱ። ቁልፉን ሳቀብለው አስጎብኚው «ቁርሱ 10፡30 ዝግጁ ይሁን፤ 11 ሰዓት ላይ እንወጣለን» አለኝ።

«መልእክቱ ላይ 4፡30 ነው የሚለው» አልኩት።

«አዎ፣ 4፡30። በፈረንጅ ነዋ! ቱሪስት በሐበሻ ሰዓት ይበላል እንዴ?»

«በፈረንጅ ይሁን በእኛ አልተጻፈም። ሌሊት ይሁን ጠዋትም አልተጻፈም። ምግብ የሚሠሩት ሴትዮ ደግሞ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው።»

«እህቴ፣ አትከራከሪኝ። አልጋ ከነቁርስ ተብሎ ተከፍሏል። ለእያንዳንዳቸው ሁለት እንቁላል፣ ቶስት፣ ማርማላታ፣ ጁስ፣ ቡና። ስታንዳርዱ ይኼ ነው።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚናገረው። እንግዶቹ ከኋላው ቆመዋል፤ ቋንቋው ባይገባቸውም ጠብ መሆኑ ገብቷቸዋል። እትዬ ከወጥ ቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና ነጠላቸውን እያጣፉ «በቃ እዚሁ አድራለሁ፤ ምን ይደረጋል» አሉ። እሳቸው በዚያ ውርጭ ወጥ ቤት ሊያድሩ ነው። ቤት የምትጠብቃቸው ትንሽ የልጅ ልጅ አለች። ያኔ ደሜ ፈላ።

ሰውየውን ትቼ ወደ ሴትየዋ ዞርኩና በምችለው እንግሊዝኛ «ሌሊት ስትነሱ ምን ብታገኙ ደስ ይላችኋል?» አልኳቸው። አስጎብኚው ጣልቃ ገባ፤ «እሱን የማውቀው እኔ ነኝ» አለ። እሳቸው ግን መልሱን ሰጡኝ። በዚያ ሰዓት እንቁላል አይበላልኝም አሉ። ትኩስ ሻይ ጠጥተን እንውጣ፣ ፀሐይ ስትወጣ እዚያው ገደሉ ላይ የምንበላው ቋጥሩልን፣ ሌላ አንፈልግም። ባልየው ደግሞ የጠየቁት ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ሴትየዋ ቆመው አንድ ነገር አጫወቱኝ። እነሱ አገር በየመንደሩ እንደኛ ያለ ቤት ሞልቷል አሉ፤ ባለቤቶቹ እዚያው እየኖሩ የተረፈ ክፍላቸውን ያከራያሉ፣ ቁርሱን ራሳቸው ይሠራሉ፣ እራት የለም። ማታ ከመተኛታችን በፊት የቤቱ እመቤት ነገ በስንት ሰዓት፣ ምን ትበላላችሁ ብላ ትጠይቀናለች አሉኝ።

እኔ ይኼን አምናለሁ፤ ፈረንጅ ስለተናገረው ደግሞ አይደለም። እዚህ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ስሠራ ሰው በጁስ ሲጣላ አይቼ አላውቅም። ሰው የሚጣላው ሙቅ ውኃ አለ ተብሎ ገብቶ ሲያጣ ነው፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ የሚነግረው ሰው ሲያጣ ነው፣ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና 11 ሰዓት ላይ ሊያመልጠው ሲል ቁርስ ከ1 ሰዓት በፊት የለም ሲባል ነው። ሐኪም ቤት ታማሚ የምታስታምም ሴት ከቶስት ይልቅ አጥሚት ብታገኝ ትመርቃለች። ጿሚው ደግሞ ለብቻው በተወለወለ መጥበሻ ፍርፍር ይፈልጋል። ታዲያ ሳይጠይቁት ይኼ እንዴት ይታወቃል?

እትዬ እንቁላሉን ማታውኑ ቀቀሉት። ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቀለሉ። ድፎ ዳቦ ቆረሱ፣ የገብስ ቆሎ ጨመሩ፣ ሁሉንም በንጹሕ ጨርቅ ቋጠሩና 2 ሰዓት ሳይሞላ በባጃጅ ቤታቸው ገቡ። ጋሼ የገጠር ይመስላል ብለው ሳጥን ውስጥ የቆለፉበትን የመንዝ ባና አስወጥቼ በፋብሪካው ብርድ ልብስ ላይ ደረብኩላቸው። ተረኛ ስለነበርኩ ሻዩን ሌሊት እኔ አፈላሁ፤ ዝንጅብል ጨምሬ በፔርሙዝ ሞላሁት። የመኪናው መስታወት በረዶ ሠርቶ ነበር፤ ሹፌሩ ሲፍቀው እንግዶቹ ቆመው ሻያቸውን ጠጡ።

በማግስቱ ማታ ተመልሰው መጡ። ወፏን አይተዋታል። ሲበሉ ጭላዳዎች ከገደሉ እየወጡ አጠገባቸው ሣር ይነጩ ነበር አሉ። ሴትየዋ ወጥ ቤት ድረስ ገብተው እትዬን አቀፏቸው። ስለ ባናው ባልየው ተናግረው አልጠገቡም፤ የት እንደሚሸጥ ሁሉ ጠየቁኝ።

የሚቆጨኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ቢሮው ሂሳቡን ሲልክ የቁርሱን ቀንሶ ላከ። ለምን ብንል «ቁርስ እንዳልቀረበ ሪፖርት ተደርጓል» ተባልን። ሪፖርቱን ያደረገው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እንግዶቹ እንዳልሆኑ ግን እርግጠኛ ነኝ። ጋሼ ዝም ብለው ተቀበሉ።

«ለሁለት ሰው ቁርስ ብለን ደንበኛ አንጣ፣ ተይው ልጄ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ነገሩ የብሩ አይደለም። እትዬ ማታ ቆመው የሠሩት እንዳልተሠራ ተቆጠረ እኮ» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ለእትዬም አልነገርናቸውም። ቢሮው ዛሬም እንግዳ ይልክልናል፤ የሚደወለውን ግን አሁን የማነሳው እኔ ነኝ፤ የሌሊት ይሁን የጠዋት በጽሑፍ ሳልቀበል ክፍል አልይዝም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የምሰጠውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። በስንት ሰዓት ይነሳሉ? ጾም ነው ፍስክ? ብርድ ልብስ ይጨመር? ብዙው ሰው ደስ ይለዋል። አንዴ ግን ለዩኒቨርሲቲ ምረቃ ከመንዝ የመጡ አባት አሳረፍን። እንደ ልማዴ ነገ ቁርስ ምን እናቅርብልዎ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እንግዳ ትበላለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ይቀርብለታል እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛም ቤት እንግዳ ሲመጣ መሶቡ ነው የሚቀርበው፤ ማንም አይጠይቅም። ጠዋት ምንም ሳልናገር የሽሮ ፍርፍር ከሻይ ጋር አቀረብኩላቸው። የሰኔ ጾም ነው። ባርከው፣ አመስግነው መለሱልኝ። ተመራቂዋ ልጃቸው መጥታ «አባዬ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ እኔን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለችኝ።

አሁን ሽማግሌ ሲመጣ የምጠይቀው ይዟቸው የመጣውን ልጅ ነው፤ ሻንጣ ሲያወርድ፣ ለብቻው።