የገዙበት ዋጋና የሚተኩበት ዋጋ

አንድ ባለሱቅ 10 ካርቶን ዘይት፣ እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዝቶ አስገባ እንበል። በሳምንቱ የጅምላው ዋጋ 1,300 ገባ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዘይት አሁን በስንት ይሸጥ?

«በ1,000 የገባ ነው፣ 100 ብር ይበቃዋል» የሚለው መልስ ለጆሮ ደስ ይላል። ሒሳቡን ግን እንየው። 10ሩንም በ1,100 ሸጦ ሲጨርስ እጁ ላይ 11,000 ብር ይኖራል። በዚህ ብር 8 ካርቶን ገዝቶ 600 ብር ይተርፈዋል። ደብተሩ 1,000 ብር አተረፍክ ይለዋል፤ ሱቁ ግን ሁለት ካርቶን ጎድሎበታል።

የምጣኔ ሀብት ትምህርት «ነጋዴ ትርፉን ለማብዛት ይወስናል» ብሎ ሲነሳ ወጪ የሚለው ይህንኑ መተኪያ፣ ማለትም ያንኑ ዕቃ ዛሬ መልሶ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ዋጋ ነው። 1,000 ብሩ አንዴ ወጥቷል፣ የዛሬውን ውሳኔ አይነካም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ «በድሮ ዋጋ የገባ ዕቃ ለምን ይጨምራል?» ሲባል የከረመውም በዚሁ ጉዳይ ነው። የሸማቹ ምሬት እውነተኛ ነው፤ ዕቃ ደብቆ «የለም» ማለትም ሌላ ጥፋት ነው። መተኪያን ማስላት ግን ስግብግብነት አይደለም።

ግብሩ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። 30 በመቶ የትርፍ ግብር የሚከፍል ድርጅት ካርቶኑን በ1,400 ቢሸጥ፣ ኪራይና ማጓጓዣ ሳይነሳ በደብተር 400 ብር ያተርፋል። ግብሩ 120 ብር ነው። የሚቀረው 1,280፣ መተኪያው 1,300።

ጉዳዩ የሚገለበጠው ዋጋ ሲወርድ ነው። ጅምላው 900 ሲገባ ያው ነጋዴ «ከገዛሁበት በታች አልሸጥም» ብሎ ዕቃውን ታቅፎ ይቀመጣል። ጎረቤቱ በ900 አምጥቶ በ950 እየሸጠ ደንበኛውን ይወስድበታል። እሱም በ950 ቢሸጥ 9,500 ብር ይዞ 10 ካርቶን ይተካል፣ 500 ብርም ይተርፈዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ኪሳራ ከእኩያው ትርፍ ይልቅ ይከብዳል። ለእኔ «ነጋዴ ትርፉን ለማብዛት ይወስናል» የሚለው ግምት ዋና ስንጥቅ እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሰው ዋጋ ሲወጣ በመተኪያው፣ ሲወርድ በገዛበት ያሰላል።

መላው ቀላል ነው። የዕቃ መመዝገቢያው ላይ ከ«የተገዛበት» ጎን «ዛሬ የሚተካበት» የሚል ዓምድ ይሰመር፤ በየሰኞው አከፋፋዩ ጋ ተደውሎ ይታደስ። ዱቤ ሲሆን ግን የዛሬውም ዋጋ አይበቃም፤ መታሰብ ያለበት ብሩ በሚመለስበት ቀን የሚኖረው መተኪያ ነው።