ለአሮጌ ዲቲ 125 የአየር ፊልትሮ፦ ምን መረጥሁ፣ እንዴት እይዘዋለሁ

በፈረንጆቹ 1974 ገበያ የገባው ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ነው፤ ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሥራውን ይጨርሳል። በፊልትሮው ያለፈው አየር ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ ከሲሊንደሩ በታች ወዳለው የክራንክ (የሚሽከረከረው ዘንግ) ቤት ይወርዳል፣ ከዚያ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ስለዚህ ፎር ስትሮክ ላይ ፒስተንና ሪንግ የሚበላው አቧራ እዚህ የክራንኩንና የቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ) ኩሽኔታም ጨምሮ ይበላል። ኩሽኔታ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩን ለሁለት መክፈል ግድ ነው። በፊልትሮ ጉዳይ የማልደራደረው ለዚህ ነው።

የፋብሪካው ፊልትሮ በዘይት የራሰ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ሳይሠራበትም ያረጃል። በጣት ተጭነውት ተመልሶ ካልተነሳ ወይም እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ አልቋል፤ ፍርፋሪው ራሱ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው) ውስጥ ይገባል። ኦርጅናሉ ሲጠፋ የሚቀርበው ምትክ ወረቀት፣ ሾጣጣ የጥጥ ፊልትሮ ወይም ሌላ ስፖንጅ ነው።

ወረቀቱን ወዲያው ተውሁት። ቱ ስትሮክ ከካርቡራተሩ ወደ ኋላ የቤንዚንና የዘይት ጉም ይተፋል፤ ወረቀት ሲረጥብ ይዘጋል፣ ታጥቦም አይመለስም።

ሾጣጣው የጥጥ ፊልትሮ፣ ኬ ኤንድ ኤንና መሰሎቹ፣ ብዙ ሰው የሚማረክበት ነው። ሳጥኑ ይወጣል፣ ፊልትሮው በፋሼታ ካርቡራተሩ ላይ ይታሰራል፣ ድምፁም ይወፍራል። በደንብ የተሠራው በራሱ ዘይት በልኩ ከተቀባ ክፉ ዕቃ አይደለም። ችግሩ ከሳጥኑ መውጣት ጋር የሚመጣው ነው። ሳጥኑ ዝናብና ጭቃ ከመከላከሉ በላይ የካርቡራተሩ ልኬት የተሠራው እሱን ታሳቢ አድርጎ ነው። እሱ ሲነሳ አየሩ በቀላሉ ይገባል፣ ነዳጁ በዚያው ልክ አይጨምርም።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ሰውን ያታልላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ካርቡራተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ሾጣጣው ፊልትሮ ደግሞ ነዳጁን ያሳንሳል። ሁለቱ ይካካሱና ሞተሩ ከተማ ውስጥ ጥሩ ይሄዳል፣ እንዲያውም ጉልበት የጨመረ ይመስላል። ያው ሞተር 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ ግን አየሩ ከአዲስ አበባው በአሥር ከመቶ በላይ ይወፍራል። ነዳጅ ያንሰዋል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ረጅም ሜዳ ላይ ጋዝ ተከፍቶ እንደተያዘ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ሾጣጣ የሚያስገባ ሰው ካርቡራተሩን ማስተካከል ያለበት ለሚኖርበት ከተማ ሳይሆን ለሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ዋናውን ጄት (ነዳጁን የሚለካውን ቀዳዳ) ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ከፍ አድርጎ ይጀምርና ወደ ታች እየቀነሰ ይመጣል እንጂ ከትንሹ ተነስቶ ወደ ላይ አይሄድም። መፈተኛው ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው) ነው፦ አዲስ ካንዴላ አስገብቶ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ጋዙን ሙሉ ከፍቶ ጥቂት መሄድ፤ ከዚያ ጋዙን ሳይለቁ ሞተሩን አጥፍቶ ወዲያው ፍሪሲዮን መያዝ። የካንዴላው ነጭ ሸክላ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ነዳጅ አንሷል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቷል።

እኔ የመረጥሁት ሳጥኑን ከነቦታው ትቼ ውስጡን በአዲስ ስፖንጅ መተካት ነው። ለፊልትሮ የሚሆነው ስፖንጅ የፍራሽ ወይም የዕቃ ማጠቢያው አይደለም። የፍራሹ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ቀዳዳዎቹም በከፊል በስስ ሽፋን የተጋረዱ ናቸው። የፊልትሮው ክፍት ቀዳዳ ያለው ነው፤ አፍ ላይ አድርገው ሲነፉት ትንፋሽ ሳይታገል ያልፋል፣ ወደ ፀሐይ ሲያዩት ብርሃን በእኩል ይታይበታል። በሁለት ድርብ ሠራሁት፦ ከውጭ በኢንች 30 ቀዳዳ ያለው ሻካራ፣ ከውስጥ 60 ገደማ ያለው ደቃቅ፣ ውፍረታቸው እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሜትር። አሮጌውን ወረቀት ላይ አስቀምጬ በእስክሪብቶ ከዞርሁ በኋላ ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር አስፍቼ ቆረጥሁ። ጠበብ ካለ ጥግ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ከመጠን በላይ ከወፈረ ክዳኑ አይገጥምም። ጫፍና ጫፉን በኮንታክት ማስቲሽ አጣብቄ ዘይት ሳላስነካ አንድ ቀን ሙሉ አሳደርሁት።

ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ አይዝም፤ የሚይዘው ዘይቱ ነው። የፊልትሮ ዘይት ከተገኘ ይሻላል፤ ካልተገኘ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ይሠራል፣ የድሮ ሆንዳዎች ማኑዋልም ይህንኑ ያዛል። ተራ የሞተር ዘይት ቀጭን ስለሆነ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሲያድር ወደ ታች ይወርድና የላይኛው ክፍል ደርቆ ይቀራል። ስፖንጁን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር አፈስበታለሁ፣ ቀለሙ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እስኪሆን ከውጭ አሸዋለሁ፣ ከዚያ በሁለት መዳፍ መሃል ጨምቄ ትርፉን አወጣለሁ። እንደ ልብስ መጠምዘዝ ማጣበቂያውን ይቀድደዋል። የሚንጠባጠብ ከሆነ ዘይቱ በዝቷል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይጨሳል።

አጠባውም እንዲሁ ነው። በቤንዚን አላጥብም፤ ማስቲሹን ያላቅቃል፣ እሳትም አለበት። በላምባ እጨምቀዋለሁ፣ ቀጥሎ በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ፈጽሞ እስኪደርቅ። ውስጡ ውሃ ከቀረ ዘይቱ አይገባበትም። ፊልትሮው ወጥቶ ሳለ ወደ ካርቡራተር የሚሄደውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ እደፍናለሁ፣ ሳጥኑንም እወለውላለሁ። በአስፋልት ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ አላቆየውም። በጠጠር መንገድ በበጋ፣ በተለይ ከመኪና ኋላ እየተከተሉ ከሆነ፣ በየ300 ኪሎ ሜትሩ አጥበዋለሁ።

ከስፖንጁ ጥራት ይልቅ ብዙ ሞተር የሚገድለው ዙሪያው ነው። አቧራ መንገድ ካገኘ በስፖንጁ አያልፍም። ስፖንጁ ከሳጥኑ ጋር የሚገጥምበትን ከንፈር ዙሪያውን ግራሶ እቀባለሁ። ሳጥኑንና ካርቡራተሩን የሚያገናኘውን ጎማ አውጥቼ አጥፌ አየዋለሁ፤ ያረጀ ጎማ የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ውስጥ ነው፣ ቦታው ላይ እያለ አይታይም። ከተሰነጠቀ እቀይረዋለሁ፣ በሲሊኮን አልለጥፈውም፤ ቤንዚን ሲሊኮኑን አሳብጦ ያላቅቀዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የጎማውን ውስጥ በጣት ስስ ግራሶ ቀብቶ አቧራማ መንገድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መክፈት። ግራሶው ንጹሕ ከሆነ ጥሩ። በአንድ በኩል ብቻ ቡናማ መስመር ከታየ ከንፈሩ በዚያ በኩል አልገጠመም። ዙሪያውን በእኩል ከጠቆረና በጣት ሲያሹት ከሻከረ ስፖንጁ ራሱ እያሳለፈ ነው፤ ወይ ዘይቱ አልቋል ወይ ደቃቁ ድርብ ተቀዷል።

ለገጠር ጉዞ አንድ ዘይት የተቀባ ትርፍ ስፖንጅ በታሰረ ፌስታል ይዣለሁ። መንገድ ላይ ማጠብ ከማድረቁ የተነሳ አይሆንም፤ መለወጥ ግን አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው።